በወህኒ ቤት ስላሉት እኅቶቻችን

ምንባብ፤ የማቴዎስ ወንጌል 25፥31-46፤ ወደ ዕብራውያን ሰዎች 13፥1-3



ጌታችን በዚህ ወንጌል በመጨረሻው ቀን በዙፋኑ ፊት ስለሚሆነው ፍርድ ያስተምረናል። ንጉሡ በዚያ ቀን የሚመረምረው ነገር ያስደንቃል። ስለ ዕውቀታችን ብዛት ወይም ስለ ድምፃችን ማማር አይጠይቀንም። የተራበው በልቶ እንደ ሆነ፥ የታረዘው ለብሶ እንደ ሆነ፥ የታመመውና የታሰረው ጠያቂ አግኝቶ እንደ ሆነ ይመረምራል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው ንጉሡ ራሱ በነዚያ ችግረኞች መካከል መቈየቱ ነው፤ በቀኙም በግራውም የቆሙት አላወቁትም ነበር።

ጌታችን ሕመምንና እስራትን ጎን ለጎን አድርጎ ተናገረ። እኛ ግን ለያይተን መያዝ ለምደናል። ለታመመ ወዳጅ ወደ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ለታሰረ ዘመድ ስንቅ ቋጥረን ወደ ወህኒ ቤት እንሄዳለን። ሁለቱ መከራዎች በአንድ ሰው ላይ በተገናኙ ጊዜ ግን ምን ማድረግ እንደሚገባን አናውቅም። ዛሬ ልንናገር የወደድነው ስለዚህ ነው፤ ይኸውም በወህኒ ቤት ስላሉት ሴቶችና ኤድስን ስለሚያመጣው ኤች አይ ቪ ስለሚባለው ቫይረስ ነው። ይህ ነገር በጉባኤ ፊት ሊነገር አይገባውም የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። ዳሩ ግን ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቀንን ነገር ዛሬ በጉባኤ ብናፍርበት፥ በዚያ ቀን ምን ብለን እንመልሳለን?

ንግግራችንን ከራሳችን በደል እንጀምራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በትንሣኤ ሰሞን፥ ከምእመናን ጋራ ሆነን በአንዲት የደጋ ከተማ ያለውን ወህኒ ቤት ልንጎበኝ ሄድን። ዳቦ ጋግረን፥ ሳሙና ገዝተን፥ የመዝሙር መጽሐፋችንን ይዘን ነበር። በሴቶቹ ግቢ ዘመርን፤ ከቃሉ ጥቂት አካፈልን፤ ዳቦውንም አደልን። ሁሉ በመልካም ተፈጸመ ብለን ልንወጣ ስንል፥ አንዲት ወጣት ሴት ከእኛ ጋራ ወደ ነበሩት አንዲት አሮጊት እናት ቀረበች። እኛም ሁለት ሦስት ሆነን በአጠገባቸው ቆመን ነበርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰማናት።

«እማማ፥ ስለ ዳቦው እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን የምለምንዎ ሌላ ነው። ከመታሰሬ በፊት በየቀኑ የምውጠው መድኃኒት ነበረኝ፤ ካርዴ ያለው በሰፈሬ ጤና ጣቢያ ነው። ከተያዝሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ አንድም ፍሬ አልዋጥሁም። እዚህ አፍ አውጥቼ ብናገር ሴቶቹ ይሰሙብኛል፤ አጠገቤ የሚተኛም አይኖርም። እባክዎ ለጤና ጣቢያው ይንገሩልኝ።»

እኛስ ምን አደረግን? ጸለይንላት፤ እግዚአብሔር ያውቅልሻል አልናት፤ የመውጫ ሰዓትም ደርሶ ነበርና ወጣን። ወደ ጤና ጣቢያው ግን ማናችንም አልሄድንም። አንዱ፥ ሌላው ይሄዳል ብሎ አሰበ። አንዱ፥ በዚያ ደጅ ስታይ ሰዎች እኔን ታማሚ ነው ይሉኛል ብሎ ፈራ። አንዱም፥ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ ቃሉን መናገር ነው አለ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰን በጠየቅን ጊዜ፥ ያች ልጅ የሳንባ ነቀርሳ ጸንቶባት ወደ ሐኪም ቤት እንደ ተወሰደች ሰማን።

ስሟንና ከተማዋን አንናገርም፤ ነገሩን እንድንናገር ግን እርሷ ራሷ ፈቅዳልናለች። እግዚአብሔር ይመስገን፥ በሕይወት አለች። ከሞት ያዳናት ግን የእኛ ትጋት አልነበረም። መጸለያችን በደል አልነበረም፤ በደላችን ከጸሎት ተነሥተን መቀመጣችን ነው። ዳቦ ይዘን ወደ ደጅዋ ገባን፤ እርሷ ግን የለመነችን ዳቦ አልነበረም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ ለጢሞቴዎስ በጻፈለት በሁለተኛው መልእክት ያደረገውን ልመና እናስታውስ። በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን ያመጣለት ዘንድ ለመነው። ታላቁ ሐዋርያ ስለ ሃይማኖት ገድል በጻፈበት ብራና ላይ ስለ ልብስም ጻፈ፤ ብርዱ ይሰማው ነበርና። የሚያስፈልገውን የሚያውቅ እስረኛው ነው። ስለዚህ ጠያቂ የሆነ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ፥ ቀጥሎም የሰማውን ሊፈጽም ይገባዋል።

እንግዲህ ከዚህ ከበደላችን የተማርነውን በአራት ነገር ከፍለን እንናገራለን።

አንደኛ፤ ስለ ደዌው እውነቱን እንወቅ።

ሐኪሞች ይህን ደዌ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው የጻፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ነው። በ1983 በፓሪስ ያሉ ሊቃውንት ደዌውን የሚያመጣውን ቫይረስ አገኙ። በነዚያ ዓመታት መድኃኒት አልነበረምና የታመመው ሁሉ ይሞት ነበር። በየሰፈሩ ድንኳን ይተከል፥ ሕፃናትም ያለ እናትና ያለ አባት ይቀሩ የነበረበትን ያን ዘመን ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ግን ዘመኑ ተለውጧል። በአገራችን በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጥ ጀመር። ይህ መድኃኒት ቫይረሱን ከሰውነት ፈጽሞ አያወጣውም፤ ነገር ግን በየቀኑ ሳይቋረጥ ቢወሰድ ያደክመዋል፥ ሰውየውም እንደ ሌላው ሰው ሠርቶ፥ ልጅ ወልዶና አሳድጎ፥ ሊሸመግል ይችላል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በሰውነቱ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ያነሰለት ሰው፥ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እስከ ቈየ ድረስ በሩካቤ ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም።

ስለ እናቶችም እንዲሁ ነው። ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሴት ምንም መድኃኒት ባታገኝ በእርግዝና፥ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። መድኃኒቱን በጊዜው ብትጀምርና ሕፃኑም የሚገባውን ቢያገኝ ግን ቍጥሩ ከመቶ ከ5 በታች ይሆናል። ብዙ ሴቶች አርግዘው ወይም ሕፃን አዝለው ወደ ወህኒ ቤት ይገባሉና ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

መድኃኒቱ በተቋረጠ ጊዜ ግን ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደ ገና ይበዛል። ሲቋረጥና ሲጀመር ሲቋረጥና ሲጀመር ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ የቀድሞው ፍሬም ኀይል ያጣል። ያች እኅታችን ሦስት ሳምንት ሆነኝ ባለችን ጊዜ ቀላል ነገር መስሎን ነበር። ቀላል አልነበረም።

ደግሞም መተላለፊያውን እንወቅ። ደዌው የሚተላለፈው ጥንቃቄ በሌለው ሩካቤ፥ በደም፥ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ ነው። በአንድ መሶብ በመብላት፥ በመጐራረስ፥ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት፥ በአንድ ፍራሽ ላይ በመተኛት፥ በአንድ መጸዳጃ በመጠቀም፥ በትንኝና በቍንጫ አይተላለፍም። በጠባብ ክፍል ብዙ ሆነው ለሚያድሩ ሴቶች ይህን ቃል የሚነግራቸው ቢገኝ፥ ያች ልጅ አጠገቤ የሚተኛ አይኖርም ብላ ባልፈራች ነበር። መድኃኒቷን ያስቀረው ግንቡ ብቻ አይደለም፤ ፍርሀትም ነበር። ፍርሀቱንም የወለደው አለማወቅ ነው።

ሁለተኛ፤ ሴቶቹ ወደዚያ እንዴት እንደ ገቡ እናስተውል።

በ2022 በወጣ የዓለም ቈጠራ መሠረት በወህኒ ቤት ያሉት ሴቶችና ልጃገረዶች ከ740,000 ይበልጡ ነበር። ሊቃውንት እንደ ገመቱት በ2014 በማናቸውም ቀን በዓለም ታስረው ከሚገኙት 10.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል ከመቶ 3.8 የሚሆኑት ቫይረሱ በደማቸው ነበረ። በዚያው ዓመት በዓለም ካሉት ዐዋቂዎች በጠቅላላው ቫይረሱ ያለባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። በብዙ አገሮችም ከታሰሩት ወንዶች ይልቅ በታሰሩት ሴቶች ዘንድ በዝቶ ይገኛል።

ይህ ስለ ምን ሆነ? ብዙዎቹ ቫይረሱን የያዙት ከመታሰራቸው በፊት ነው። ወደ ወህኒ ቤት የሚያደርሰው መንገድና ወደ ደዌው የሚያደርሰው መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ነውና። ድህነት፥ ያለ ዕድሜ መዳር፥ በባል ወይም በአሠሪ መደፈርና መደብደብ፥ ከገጠር ወደ ከተማ መጥቶ ማደሪያ ማጣት፥ ልጅን ለማብላት ገላን መሸጥ፤ እነዚህ ሁሉ ሴቲቱን ለደዌውም ለእስራቱም ያጋልጧታል። ከመካከላቸውም ገና ፍርድ ያልተሰጣቸው፥ በቀጠሮ የሚመላለሱ አሉ። እኛ ግን ደጁን አልፈን ሳንገባ ሁሉን በአንድ ስም እንጠራለን።

በውስጥም አደጋ አለ። ምላጭ ያነሰባቸው ሴቶች በአንድ ምላጭ ይላጫሉ፥ ጥፍርም ይቈርጣሉ፤ በአንድ መርፌ ጆሮ ይበሳሉ፥ ይነቀሳሉ። በአንዳንድ አገር በመርፌ የሚወሰድ አደንዛዥ ዕፅ ደዌውን ያዛምታል። ሳሙና፥ የወር አበባ ጨርቅና በቂ ምግብ የሌላት ሴት፥ ሥልጣን ያለው ሰው በነዚህ ነገሮች ሊገዛት ቢሞክር እንዴት እምቢ ትላለች? እንግዲህ ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ ማድረስ ቀላል ምጽዋት አይደለም፤ ለሴቲቱ እምቢ የምትልበትን ኀይል መስጠት ነው። ለእያንዳንዷም የራሷ ምላጭ እንዲኖራት ማድረግ፥ የወህኒ ቤቱ አለቆች እስከ ፈቀዱት ድረስ፥ ደምን ከደም መለየት ነው።

ጌታችን በዝሙት ተይዛ በመጣች ሴት ፊት የከሰሷትን ሰዎች በራሳቸው ሕሊና እንደ ፈረደባቸው በዮሐንስ ወንጌል በ8ኛው ምዕራፍ እናነባለን። ሴቲቱን ኀጢአት የለብሽም አላላትም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ከሞት አዳናት፥ ከዚያም በኋላ ወደ አዲስ ሕይወት ላካት። እኛ ደግሞ ይህንኑ ሥርዐት ልንከተል ይገባናል። በመጀመሪያ ሕይወቷን እናድን፤ ከሕያው ሰው ጋራ ስለ ንስሐ መነጋገር ይቻላልና።

ሦስተኛ፤ መጠበቂያውን እንናገር፥ እናድርስም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፥ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው፥ በአንቀጽ 21 የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ ይያዙ ዘንድ፥ የትዳር ጓደኞቻቸው፥ ዘመዶቻቸው፥ ጓደኞቻቸው፥ የሃይማኖት አማካሪዎቻቸው፥ ሐኪሞቻቸውና ጠበቆቻቸውም ይጎበኟቸው ዘንድ መብት ይሰጣቸዋል። አስተውሉ፤ ሕጉ የሃይማኖት አማካሪንና ሐኪምን በአንድ መሥመር ቈጠረ። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤም በ2010 ስለ ሴት እስረኞች 70 ደንቦችን ተቀበለ፤ የባንኮክ ደንቦች ይባላሉ። በነዚህም ስለ ኤች አይ ቪ መከላከልና ሕክምና፥ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍም ስለ መጠበቅ፥ እስረኞችም እርስ በርሳቸው እንዲማማሩ ታዘዘ። የእስረኛይቱ የሕክምና ምስጢር እንዲጠበቅም ተወሰነ። በ2015 ደግሞ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተጠሩት ደንቦች፥ የታሰረ ሰው በውጭ ያለው ሕዝብ የሚያገኘውን ያህል ሕክምና እንዲያገኝ፥ ሕክምናውም ሲታሰርና ሲፈታ እንዳይቋረጥ፥ ሴት እስረኞችንም ሴት ዘበኞች እንዲጠብቋቸው ይናገራሉ። እንግዲህ እስረኛይቱ መድኃኒቷን ብትለምን ልመናዋ ከሕግ ውጭ አይደለም። እኛም ስለ እርሷ ብንናገር በማያገባን ገባን ልንባል አይገባንም።

መጠበቂያዎቹ እነዚህ ናቸው። ወደ ወህኒ ቤት የገባች ሴት ሁሉ፥ ብትፈቅድ፥ ምክር ተሰጥቷት በምስጢር ትመርመር፤ ማንም ግን በግድ አይመርምራት። አዲስ የተያዘ ሰው በመጀመሪያው ምርመራ ላይታይ ይችላልና ሐኪሙ በሚነግራት ቀን እንደ ገና ትመርመር። ቫይረሱ የተገኘባት ሴት መድኃኒቷን ወዲያው ትጀምር፤ ስለ ሳንባ ነቀርሳም ትመርመር፥ ይህ ደዌ በተጨናነቀና ነፋስ በማይገባበት ክፍል ፈጥኖ ይዛመታልና፥ ኤች አይ ቪ ያለባቸውንም ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ይገድላልና። የተደፈረች ሴት ብትኖር ሳትዘገይ፥ ከ72 ሰዓት በፊት፥ ወደ ሐኪም ትድረስ፤ ለ28 ቀን የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት አለና። በዚህ ነገር አንድ ቀን ማፈር ዕድሜ ልክ ሊያስከፍል ይችላል።

ስለ ኮንዶምም ዝም አንልም። ቤተ ክርስቲያን በጋብቻ መታመንን ታስተምራለች፤ እኛም እናስተምራለን። ዳሩ ግን ከወህኒ ቤት ወጥታ ወደ ባሏ የምትመለስ ሴት፥ ባሏም በዚያ ዘመን እንዴት እንደ ኖረ የማታውቅ፥ ሁለቱም ተመርምረው እውነቱን እስኪያውቁ ድረስ ራሷን ልትጠብቅ ይገባታል። ይህን መናገር ኀጢአትን መፍቀድ አይደለም፤ ነፍስን መጠበቅ ነው እንጂ። ለአደጋው ቅርብ ለሆኑ ሰዎች አስቀድሞ የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒትም አለ። በ2024 በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በሴቶች ዘንድ በተደረገ ጥናት፥ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጠውን የመከላከያ መርፌ ከተወጉት ከ2,000 በላይ ሴቶች አንዲቱም በቫይረሱ አልተያዘችም። ለሰው ይህን ጥበብ የሰጠ እግዚአብሔር ይመስገን።

በዚህ ስፍራ ለአገልጋዮች አንድ ብርቱ ቃል እንናገራለን። ተፈውሰሻልና መድኃኒትሽን ጣይ የሚሉ ድምፆች በአንዳንድ ጉባኤ ይሰማሉ። ወንድሞች ሆይ፥ ይህ እምነት አይደለም። እግዚአብሔር እንዲፈውስ እናምናለን፥ እንጸልያለንም፤ የተፈወሰ ሰው ግን ራሱን ለሐኪም ለማሳየት አይፈራም። ጌታችን ያነጻቸውን ለምጻሞች ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ ልኳቸው የለምን? አባታችን ማርቲን ሉተር በ1527 በዊተንበርግ ከተማ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ ዩኒቨርሲቲው ወደ ዬና ሲዛወር እርሱ ከከተማዋ አልወጣም። ሚስቱ ካታሪና ነፍሰ ጡር ሳለች ቤታቸው ሕሙማንን ተቀበለ። ክርስቲያን ከሞት ደዌ ይሸሽ ዘንድ ይገባዋልን ለሚለው ጥያቄ በጻፈው መልስም ሁለት ወገኖችን ገሠጸ፤ አንዱን ወገን አደራ ያለበትን ባልንጀራ ጥሎ ስለ ሸሸ፥ ሁለተኛውንም በእግዚአብሔር ታምኛለሁ እያለ መድኃኒትንና ጥንቃቄን ስለ ናቀ። ሁለቱም ስሕተቶች እስከ ዛሬ በመካከላችን አሉ።

ደግሞም እስረኛይቱ ራሷ አስተማሪ ልትሆን እንደምትችል አንርሳ። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት በ5ኛው ምዕራፍ ስለ ንዕማን እናነባለን። የሶርያው የጦር አለቃ ከለምጹ የሚነጻበትን ስፍራ የተረዳው ከሊቃውንቱ አልነበረም፤ ከቤቱ ካለች ከአንዲት ምርኮኛ ብላቴና ነበር እንጂ። ነጻነቷ ተወስዶ ነበር፤ ዕውቀቷ ግን አልተወሰደም። በአንድ ክፍል ካሉት ሴቶች ሁለት ሦስቱ እውነቱን በሚገባ ቢማሩ፥ እኛ በወር አንድ ጊዜ ከምንናገረው ይልቅ እነርሱ በሌሊት ጎን ለጎን ተኝተው የሚነጋገሩት ይጠቅማል። ስለዚህ ወህኒ ቤት በምንሄድበት ጊዜ የጤና ባለሙያ የሆነች እኅት ከእኛ ጋራ ትሂድ፤ በአለቆቹም ፈቃድ ታስተምር።

ከእናንተም በወህኒ ቤት ዘበኛ ሆናችሁ የምታገለግሉ አላችሁ። በፊልጵስዩስ የነበረውን የወህኒ ጠባቂ አስቡ። ወንጌል ወደ ልቡ በገባ ጊዜ በዚያው ሌሊት ያደረገው የእስረኞቹን ቍስል ማጠብ ነበር። የታመመችን ሴት በቀጠሮዋ ቀን ወደ ሐኪም ማድረስ፥ ምስጢሯንም በጓደኞቿ ፊት አለመጥራት፥ የእናንተ የወንጌል ሥራ ነው።

አራተኛ፤ የመፈቻዋን ቀን እንጠብቅ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ይህ ቀን ነው። በወህኒ ቤት መድኃኒቷን ስትወስድ የቈየች ሴት በድንገት ትፈታለች። በእጅዋ ገንዘብ የለም፤ ካርዷ በዚያው ቀርቷል፤ ቤተ ሰቧም አሳፈርሽን ብለው ደጃቸውን ዘግተዋል። የምታድርበትን ስፍራ ስትፈልግ መድኃኒቷን ትረሳለች። ማደሪያ የሚሰጣትም ሰው ዋጋውን በገላዋ ይጠይቃት ይሆናል። እንዲህ ሆኖ በእስር ሳለች የታገሠው ደዌ በነጻነቷ ቀን ይነሣባታል፥ ለሌላውም ይተርፋል።

የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ከግዞት በወጣ ጊዜ ዮሴፍን ረሳው። ዮሴፍ የለመነው ትንሽ ነገር ነበር፤ ስሙን ለፈርዖን እንዲያነሣለት ብቻ ነበር። በዚያ መርሳት ምክንያት ሁለት ዓመት በግዞት ቈየ። የእኛም በደል ከዚህ አይለይም። ያች እኅታችን የለመነችን አንድ ቃል ወደ ጤና ጣቢያ እንድናደርስላት ነበር።

የታሪኩንም ፍጻሜ እንናገር። ታማ እንደ ተወሰደች በሰማን ጊዜ ሁላችን አዘንን። እነዚያ አሮጊት እናት ግን ማዘን ብቻ አልበቃቸውም። ፊደል ያልቈጠሩ ናቸው፤ ስለ ቫይረስም ያላቸው ዕውቀት ጥቂት ነው። ነገር ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ምርኩዛቸውን ይዘው፥ ወደ ሐኪም ቤቱ ሄዱ። በአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው፥ «ልጄ፥ ያን ጊዜ ረሳሁሽ፤ ይቅር በዪኝ» አሏት። ከዚያም እርሷን አስፈቅደው ወደ ሰፈርዋ ጤና ጣቢያ ሄደው ካርዷ እንዲተላለፍ አደረጉ። መድኃኒቱም ተጀመረላት፤ የሳንባ ነቀርሳውም ታከመ። ፍርዷን ጨርሳ በተፈታችበት ማለዳ በወህኒ ቤቱ ደጅ ቆመው የጠበቋት እኒያ እናት ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያ ወደ ቤታቸው አልወሰዷትም፤ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዷት፥ የወሩን መድኃኒትም ተቀበለች። ከዚያ በኋላ ቡና አፈሉላት።

በጉባኤያችን ግን አንድ ምእመን ክፍል ሊያከራያት ተስማምቶ ሳለ ከየት እንደ መጣች በሰማ ጊዜ ቃሉን አፈረሰ። እኛም ይህን እያወቅን ዝም አልን። በጌታ ማዕድ ዙሪያ አብረን እንቈማለን፤ በአንድ ግቢ ለመኖር ግን ፈራን። ወንድሞች ሆይ፥ ይህን የምንጽፈው ያን ሰው ለመክሰስ አይደለም። እርሱ ያደረገውን የእኛ ዝምታ ፈቅዶለታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በየጉባኤያችን ሁለት ወይም ሦስት ምስጢር ጠባቂ የሆኑ እኅቶች ይመረጡ። ወደ ወህኒ ቤት በምንሄድበት ጊዜ ስንቅ ከመስጠታቸው በፊት፥ ምን ላድርግልሽ ብለው ለብቻዋ ይጠይቋት። የነገረቻቸውን ያለ ፈቃድዋ ለማንም፥ ለመጋቢም ቢሆን፥ አይንገሩ። በእርሷ ፈቃድ ግን ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው መልሱን ያምጡላት። የምትፈታበትን ቀን ይወቁ፤ በዚያም ቀን አንዲቱ በደጅ ትገኝ፥ ወደ መድኃኒቷም፥ ወደ ማደሪያዋም ታድርሳት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ማለዳና የማያፍር ፊት ነው።

የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ፥ ከታሰሩት ጋራ እንደ ታሰርን ሆነን፥ እኛም ሥጋ ለባሾች መሆናችንን አውቀን፥ እናስባቸው ዘንድ ያዘናል። ማሰብ ማለት በልብ ማዘን ብቻ ከሆነ የጠጅ አሳላፊውም አንዳንድ ጊዜ አስቦት ይሆናል። በመጽሐፍ ግን እግዚአብሔር አሰበ በተባለ ጊዜ ሁሉ አንድ ሥራ ይከተላል። ኖኅን አሰበው፥ ውኃውም ጐደለ። ሐናን አሰባት፥ ልጅም ወለደች። እኛንም አሰበን፥ ልጁንም ላከልን፤ እርሱም ታሰረ፥ ተገረፈ፥ ከወንበዴዎች ጋራ ተቈጠረ። የታሰረ ጌታ ያላት ቤተ ክርስቲያን በወህኒ ቤት ደጅ ልታፍር አትችልም።

እንጸልይ።

በሥጋችን ሕመማችንን የተሸከምህ፥ በእስራትህም የፈታኸን ጌታ ኢየሱስ ሆይ፥ በወህኒ ቤት ደጅ ቆመህ ሳለህ ያላወቅንህን ይቅር በለን። በግንብ ውስጥ ያሉትን እኅቶቻችንን፥ የታመሙትንና የሚፈሩትን፥ በእስር የሚወልዱትን፥ ከነሕፃናቶቻቸው ጠብቃቸው። ለሐኪሞች ትዕግሥትን፥ ለዘበኞች ርኅራኄን፥ ለዳኞች እውነትን ስጣቸው። ለእኛም የሚሰማ ጆሮና የሚሄድ እግር ስጠን፤ የሰማነውንም ምስጢር የሚጠብቅ አንደበት ስጠን። የተፈቱትን በደጅ ቆመን እንድንቀበላቸው፥ አንተም በመጨረሻው ቀን በደጅህ እንድትቀበለን፥ ስለ ስምህ ብለን እንለምንሃለን። አሜን።